ልማት ስለሚባለው ቃል ልዩ ልዩ ትርጕም

በየዘመኑ ከሹማምንት አፍ፣ ከጋዜጣ ዐምድና ከጉባኤ አዳራሽ የማይለይ አንድ ቃል አይታጣም። ከ1928 ዓ.ም. ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት ይህ ቃል ሥልጣኔ ነበር። ዛሬ ቦታውን የያዘው ልማት ነው። መንገድ ሲቀደድ ልማት ይባላል፤ በመንገዱ ላይ የነበረው ቤት ሲፈርስም ልማት ይባላል። ግድብ ሲገደብ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ የውጭ አገር ነጋዴ መሬት ሲቀበል፣ ለባላገር ክትባት ሲደርስ፣ ሁሉም በዚህ በአንድ ስም ይጠራል። አንድ ቃል ይህን ያህል ሸክም የተጫነበት እንደ ሆነ፣ ተናጋሪው አንዱን ሲያስብ ሰሚው ሌላውን መረዳቱ አይቀርም። ከዚህ የሚነሣውም አለመግባባት በሰዋስው መምህራን ዘንድ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ የሰው ቤትና የሰው እንጀራ ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ የቃሉን ትርጕም ለይቶ መመርመር ለባለሥልጣንም ለሊቃውንትም የተገባ ነው።

ለማ የሚለው ግስ በአማርኛ የጠፋ ተቃራኒ ነው። ሀገር ለማ ማለት ሰዉ በዛ፣ እርሻው ሰፋ፣ ከብቱ ረባ ማለት ነው፤ ሀገር ጠፋ ማለት ደግሞ ሰዉ ተሰደደ፣ እርሻውም ዳዋ ለበሰ ማለት ነው። ወላጆች ልጃቸውን ለማ ወይም ይልማ ብለው ሲሰይሙ የሚመኙለት ይህንኑ ነው። መንግሥትም በዚሁ ቋንቋ ሲሠራበት ቆይቷል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በጋሻ የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ብሎ በ3 ደረጃ ከፍሎ፣ ዐሥራቱ ለብቻው ሆኖ፣ በጋሻ 15፣ 10 እና 5 ብር ግብር ወስኖ ነበር።

ከዚህ ከአባቶች አነጋገር ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው፣ ለማ የሚባለው ፍሬው በዓይን ከታየ በኋላ እንጂ ዘሩ ገና ሲዘራ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የሚለማው ሀገሩ ከነሰዉ መሆኑ ነው። መሬቱ አምሮበት ባለቤቱ የተሰደደ እንደ ሆነ፣ ሀገር ለማ የሚል ሽማግሌ አልነበረም።

ሥልጣኔ የሚለው ቃል መንገዱ ሌላ ነው። ሠለጠነና ሥልጣን ከአንድ ሥር የወጡ ስለ ሆኑ፣ ቃሉ በራሱ ላይና በሥራው ላይ ኀይል ያገኘን ሰው ያመለክታል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ብለው በጻፉትና ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው የሕዝብ ሀብት ከሥራና ከዕውቀት እንደሚገኝ አስረድተዋል። በዚያ ዘመን ሰው ይሠለጥናል፣ መሬት ይለማል ይባል ነበር። ዛሬ ግን ሁለቱም ሐሳብ በአንድ ቃል ተጠቃልሏል።

ይህም የሆነው ቃሉ ለአንድ የባሕር ማዶ ቃል ትርጕም እንዲሆን በመመረጡ ነው። እንግሊዞች ዴቨሎፕመንት የሚሉት ቃል መነሻው የተጠቀለለውን መግለጥ፣ የታሸገውን መፍታት ማለት ነው። ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ ሕፃን ሲያድግ፣ ፎቶግራፍ አንሺ ፊልም ሲያጥብ፣ ነጋዴም በባዶ ቦታ ላይ ቤት ሠርቶ ሲሸጥ በዚሁ በአንድ ቃል ይነገራል። በመንግሥት ሥራ ላይ ሲውል ግን መጀመሪያ የሚነገረው ስለ ዕቃና ስለ መሬት ነበር። እንግሊዝ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. ያወጣችው የቅኝ አገሮች ልማት ሕግ ስለ ልማት ብቻ የሚናገር ነበር። በ1940 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ርእስ ላይ ግን የሕዝብ ደኅንነት የሚል ቃል ጨመረችበት። ከዚህም መሬትን ማልማትና ሰውን ማኖር ሁለት ልዩ ነገሮች መሆናቸው በዚያ ዘመን የታወቀ እንደ ነበረ መረዳት ይቻላል።

ቃሉን ለዓለም ሁሉ ያዳረሱት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ናቸው። ጥር 12 ቀን 1941 ዓ.ም. በበዓለ ሲመታቸው ባደረጉት ንግግር በ4ኛው ነጥብ፣ ወደ ኋላ ለቀሩት አገሮች የአሜሪካ ዕውቀትና ጥበብ እንዲደርሳቸው አሳሰቡ። ከዚያ ወዲህ የዓለም አገሮች የለሙና ያልለሙ ተብለው መቆጠር ተለመደ። ኢትዮጵያም በመስከረም 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን፣ ለልማት ባንክ 2 ሚሊዮን ዶላር በመበደር ከአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያዋ ሆነች።

ከዚያ በኋላ የመጣ መንግሥት ሁሉ ለዚሁ ሐሳብ የየራሱን ስም ሰጥቷል። የመጀመሪያው የ5 ዓመት ዕቅድ በ1950 ዓ.ም. ተጀመረ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያዘምት ዘመቻውን እድገት በኅብረት አለው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ዓመት ዕቅድ የእድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ተባለ። ከ2013 እስከ 2022 ዓ.ም. የሚዘልቀው የ10 ዓመት የልማት ዕቅድ ደግሞ ብልጽግናን ግቡ አድርጓል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመንግሥትን ሥራ ስም ግን የሚያወጣው ሰው ስለ ሆነ፣ ስሙ ለግብሩ የተስማማ መሆኑን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ነገሩን በአጭር ቃል ለመለየት፣ ዛሬ ልማት በ4 ትርጕም ይነገራል። አንደኛው የሀብት ማደግ ነው፤ ይህም በቁጥር ይለካል። የሕዝብን ገቢ በቁጥር ለመለካት ለአሜሪካ ምክር ቤት መዝገብ ያዘጋጁት ሊቅ ሳይመን ኩዝኔትስ ግን በ1934 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የአንድ ሕዝብ ደኅንነት ከገቢው ቁጥር ብቻ ሊታወቅ እንደማይችል አስጠንቅቀው ነበር። ሁለተኛው ሥራው ራሱ፣ ማለት መንገዱ፣ ግድቡና ሕንፃው ነው። ሦስተኛው የሰው ኑሮ መሻሻል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ድርጅት ከ1990 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ገቢን፣ ዕድሜንና ትምህርትን አንድ ላይ አድርጎ የሚለካው በዚህ ትርጕም ነው። አራተኛው፣ የዛሬው ሰው ተጠቅሞ ለልጅ ልጅ የሚተርፈውን መጠበቅ ነው፤ ዘላቂ ልማት የሚባለው ይህ ነው። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር ከአገር በቀል ዛፍ የተረፈው አብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት አጸድ የሚገኝ መሆኑ፣ ያልታረሰ መሬት ሁሉ ጠፍ እንዳልሆነ ያስረዳል።

አራቱ አንድ ላይ የተገኙ እንደ ሆነ መልካም ነው። ነገር ግን አንዱ ሳይኖር ሌላው ሊኖር ይችላል። ለዚህም የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ምስክር ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተመረቀ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በታችኛው አዋሽም በተንዳሆ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ሰፊ የጥጥ እርሻ አቆመ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ትርጕም ይህ ሁሉ ልማት መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ያ የወንዝ ዳር መሬት ማረሻ ያልነካው ስለ ሆነ ለመሐንዲሱ ጠፍ መስሎ ታየው እንጂ፣ ለአፋር አርብቶ አደር በበጋ ወራት ከብቱን የሚያተርፍበት ግጦሽ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት መካከል ድርቅ በደረሰ ጊዜ ከብቱ የሚሸሽበት ሥፍራ ጠበበው። ከብቱ አለቀ፤ በረኃቡም ከአፋር ሕዝብ ብዙ ሰው ሞተ። ጥጡ በመዝገብ የተጻፈ ሲሆን፣ የጠፋው ግጦሽ ግን የተጻፈበት ዐምድ አልነበረም።

የዛሬውም ነገር ከዚህ ጋራ ተያይዞ ሊታሰብ ይገባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ፣ ኋላም በሌሎች ከተሞች የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ እየተካሄደ ነው። ጠባብ የነበረው መንገድ ሰፍቷል፤ እግረኛ የሚሄድበት ተለይቷል፤ ጨለማ የነበረው ሠፈር መብራት አግኝቷል። ይህን አይቶ ማመስገን ይገባል። ነገር ግን ከፒያሳና ከሌሎች ነባር ሠፈሮች ቤቱን ለቆ የወጣው ሰው በመንግሥት ጽሕፈት የልማት ተነሺ ተብሎ ይጠራል። ይህ ስም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። አባቶች ለማ ይሉ የነበረው ፍሬው ከታየ በኋላ ሲሆን፣ ይህ ሰው ግን የልማትን ስም የተቀበለው ቤቱን ባጣበት ቀን ነው። በሄደበት ቦታ ውሃው ከገባለት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ካገኘ፣ ለዕለት እንጀራው የሚያገለግለው ገበያ ከቀረበው፣ ያን ጊዜ ስሙ እውነት ይሆናል። ይህ ሁሉ ካልተፈጸመለት ግን ስሙ የሚነገረው በእርሱ ላይ ነው እንጂ ለእርሱ አይደለም።

ሕጉ ይህን አልዘነጋውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 የልማት መብትን ለሕዝብ ሰጥቶ፣ የሚነካቸው ሥራ ሲታሰብ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ ያዝዛል። በአንቀጽ 44ም በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከቦታው የተነሣ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ ካሣ እንዲያገኝ ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ባለይዞታው በዕቅዱ መሠረት መሬቱን ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዲኖረው አድርጎ ነበር። በሕጉ አነጋገር ሕዝብ የልማት ባለቤት ነው። ከሕጉና ከሥራው መካከል ያለውን ርቀት የሚያጠብበው ግን በጠረጴዛው ላይ ማኅተም የያዘው ሹም ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ከ5 ሺህ ሜጋዋት በላይ ኀይል ማመንጨት የሚችል በመሆኑ በሁለተኛው ትርጕም ታላቅ ልማት ነው፤ ሕዝቡም ከደመወዙና ከጥሪቱ ገንዘብ ያወጣበት ስለ ሆነ ክብሩ የጋራ ነው። ከገጠሩ ሕዝብ ብዙው ገና የኤሌክትሪክ መብራት ያላገኘ ስለ ሆነ ግን፣ በሦስተኛው ትርጕም ልማት የሚሆነው ሽቦው ከባላገሩ ጎጆ ሲደርስ ነው። ይህም ቀሪ ሥራን መቁጠር እንጂ የተሠራውን ማሳነስ አይደለም።

ስለዚህ ባለሥልጣናት ዕቅድ ሲጽፉና የሥራ መግለጫ ሲያቀርቡ ቃሉን ለይተው ቢጽፉ ይጠቅማል። መንገድ የተሠራ እንደ ሆነ መንገድ ተሠራ ይባል፤ ገቢ ያደገ እንደ ሆነ ገቢ አደገ ይባል። ለማ የሚለው ግን ሰዉ ተጠይቆ፣ ኑሮው ተሽሎት ከተገኘ በኋላ ይጻፍ። በየወረዳው የሚቀርበው መዝገብም ስንት ሜትር መንገድ እንደ ተነጠፈ ከሚገልጸው ዐምድ አጠገብ፣ የተነሡት ሰዎች ከዓመት በኋላ በምን ሁኔታ እንደሚገኙ የሚገልጽ ዐምድ ቢኖረው፣ የአዋሹ ስሕተት አይደገምም ነበር።

ካህናትም በዚህ ድርሻ አላቸው። ወደየቤቱ የሚገቡ፣ የንስሓ ልጆቻቸውን ችግር ከማንም አስቀድመው የሚሰሙ እነርሱ ስለ ሆኑ፣ የመንግሥትን ሐሳብ ለሕዝቡ ሲያስረዱ፣ የሕዝቡን ሁኔታ ደግሞ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለሹማምንቱ ቢያስታውቁ፣ በሁለቱ መካከል ቃሉ አንድ ትርጕም እንዲይዝ ይረዳሉ። ሹሙና ባላገሩ ልማት ሲሉ አንድ ነገር ማሰብ የጀመሩ እንደ ሆነ፣ ዛሬ በትእዛዝ የሚፈጸመው ብዙው ሥራ በፈቃድ ሊፈጸም ይችላል።