መረጃ ልመና ነው እንዴ?

«ለምን ፈለጉት?» መንግሥት መሥሪያ ቤት ገብቶ አንድ ሰነድ ለማየት የጠየቀ ዜጋ መጀመሪያ የሚሰማው ይህችን ነው። ጥያቄ ትመስላለች እንጂ መልስ ናት። «አንሰጥህም» ማለት ናት።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 መረጃ መሰብሰብና መቀበል የማንኛውም ሰው ነጻነት መሆኑን ደንግጓል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ከመንግሥት ምንጭ ዜና የመጠየቅ መብት የሰጠው ለፕሬሱ ነበር። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ግን መብቱን ለማንኛውም ሰው አደረገው። ጋዜጠኛ ሁን፣ ጠበቃ ሁን አላለም። ጥያቄው በጽሑፍም በቃልም ይቀርባል፤ በቃል የቀረበውን ወደ ጽሑፍ መገልበጥ የተቀባዩ ሠራተኛ ፈንታ ነው። (የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ማለት ነው፤ እሱ ግን ሥራው ስብሰባ ላይ ፎቶ ማስነሳት ብቻ ይመስለዋል።) መልሱ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፣ ሊራዘምም ይችላል። ከተከለከለም ምክንያቱ መነገር አለበት።

የሚከለከል መረጃ የለም አላልኩም። የሰው ገመና፣ የንግድ ምሥጢር፣ የአገር መከላከያ ጉዳይ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሰነድ በሕጉ ተጠብቀዋል። የኛ አገር መዝገብ ቤት ግን የወረዳ ስብሰባ ቃለ ጉባኤንም እንደ ጦር ሰፈር ካርታ ነው የሚደብቀው!

አንድ ጉዳይ ላንሳ። የማውቃቸው እናት ቤታቸው ለልማት ይፈርሳል ተባሉና የካሳው ገንዘብ ተነገራቸው። ድምሩ ብቻ! ስንት ካሬ ተለካ፣ ቤቱ በምን ደረጃ ተገመተ፣ አጥሩና ጉድጓዱ ተቆጥሯል ወይስ ተረስቷል? የግምቱን ወረቀት ልይ ቢሉ «ኮሚቴው ነው የሠራው፤ ለምን ፈለጉት?» ተባሉ። አብሬያቸው ሄድኩ። መጀመሪያ ፋይሉ የለም ተባለ። ቀጥሎ አለ፣ ግን ከሰነድ ክፍል ወጥቷል ተባለ። ያወጡት ሰውዬስ? ስብሰባ ላይ ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ካሳው አነሰኝ የሚል ሰው አቤቱታ የሚያቀርብበት ቀን የተቆጠረ ነው። ስሌቱን ሳያይ ምን ብሎ ይከራከራል? «አነሰኝ» ብቻ? ወረቀቱን የያዘው ቢሮ ዝም ብሎ በቆየ ቁጥር ተከራካሪውን እያሸነፈው ነው፤ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ማለት ነው። መረጃ መከልከል የገንዘብ ጉዳይ፣ የመጠለያ ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሠላሳ ቀኑም ቢሆን ለጥናት ለሚፈልገው ይበቃ ይሆናል፤ ቤቱ ሊፈርስ ለተቃረበ ሰው ግን ብዙ ነው፤ በኔ ግምት ሕግ አውጪው ይህን አላሰበበትም።

ስለዚህ በቃል ተመላልሶ መድከም ይቅር። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ገንዘብ ማፍሰስም አያስፈልግም፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። «ስለ ቤቴ ጉዳይ» ብሎ በደፈናው መጻፍ ዋጋ የለውም። «በዚህ ቀን በዚህ ቤት ላይ የተሠራው የካሳ ግምት ቅጂ ይሰጠኝ» ተብሎ ሰነዱ በስሙ ይጠራ። ሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ በሁለተኛው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ ነገ «አልደረሰንም» ይባላል፤ ይህን ለአዲስ አበባ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከከለከሉ «በየትኛው አንቀጽ?» ይበሏቸው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ። ይግባኙ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፤ ቀጥሎ በአዋጅ 211/1992 ለተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት።

እናታችን እንዲሁ አደረጉ። ማኅተሙ ከተመታ 19 ቀን ሆኖታል። የካሳውን አቤቱታም ቀኑ እንዳያልፍ ብለው «ስሌቱ አልተሰጠኝም» የሚል ቃል አስገብተው ለብቻው አቅርበዋል። ፋይሉን ያወጡት ሰውዬ ዛሬም ስብሰባ ላይ ናቸው።