የሆሳዕናው መምህር ፕሮፎርማ

ሲሚንቶ ለማቅረብ ፕሮፎርማ የሚሞላ ነጋዴ የልጆቹን ብዛት አይጽፍም። የዕቃውን ዓይነት፣ መጠን፣ ዋጋና የማስረከቢያ ቀን ሞልቶ ማህተሙን ያሳርፋል። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ኮምፒውተር ቤቶች የሚተየበው የእንግሊዝኛ መምህራን የውጭ ሥራ ማመልከቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ አቤቱታ ነው። «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» የሚለው የመሥሪያ ቤት ልማድ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ይገለበጣል። ከሥሩ የደመወዝ ማነስ፣ የቤተሰብ ችግርና ትጉህ ሠራተኛነት ይደረደራሉ። ለአንዱ የተጻፈው ስምና ቀን ተቀይሮ ለሌላውም ይታተማል።

ገዢው ትምህርት ቤት ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው። የትኛውን ክፍል፣ ስንት ዓመት፣ ስንት ተማሪ ይዞ አስተማረ? ተማሪዎቹን ለየትኛው ፈተና አዘጋጀ? መቼ ሊደርስ ይችላል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች የእኛ መምህር መልስ አያጣም። በቀድሞው ደቡብ ክልል ትምህርት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለነበር ሒሳቡንም ሳይንሱንም የተማረው በዚያው ቋንቋ ነው። ቤት ሀድይሳ ወይም ከምባትሳ፣ ገበያ አማርኛ፣ ክፍል እንግሊዝኛ እየተናገረ አድጓል፤ እንግሊዝኛ የእናት ቋንቋቸው ያልሆነ ልጆች የት ላይ እንደሚሰናከሉ ከራሱ ያውቀዋል። በተጨናነቀ ክፍል ጸጥታ ማስከበርም ሙያ ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ በ2004 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ዲግሪ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ቀርቷል። በማመልከቻው ላይ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱም አይታይም። ዕቃው መጋዘን ተቆልፎበት ገዢ ይጠራል።

ጥሩ ፕሮፎርማም ቢሆን የማይገባበት ገበያ አለ። ደላላው «ኮሪያ የእንግሊዝኛ መምህር ትፈልጋለች» ቢል አልዋሸም። ያልነገረን፣ ደቡብ ኮሪያ ለቋንቋ መምህራን የምትሰጠው ኢ-2 የተባለው ቪዛ በመደበኛው ለ7 እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሀገሮች ዜጎች የተወሰነ መሆኑን ነው። ከሰባቱ አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት፤ የሀዲያና የከምባታ ወጣት ሱቅ ሊከፍት የሚሰደድባት ሀገር! ቻይናም በመርህ ደረጃ የውጭ ቋንቋ መምህር የእናት ቋንቋውን እንዲያስተምር ትፈልጋለች። ስለዚህ በማስታወቂያው መጀመሪያ የሚነበበው የፓስፖርቱ መስመር ነው፤ ደመወዙ ይቆየን።

ቅርብ ያለው ገበያ የተሻለ ይመስለኛል። ሩዋንዳ በ2001 ዓ.ም. የማስተማሪያ ቋንቋዋን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ አዞረች፤ በ2015 ዓ.ም. በመንግሥታት ስምምነት ከዚምባብዌ መምህራን አስመጣች። የዚምባብዌው መምህር ለደላላ ተስፋ አላደረገም፤ መንግሥቱ ተደራድሮለት በአውሮፕላን ሄደ። የእኛ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ጋር ስለ ቤት ሠራተኞች የመደራደር ልምድ አለው። ኪጋሊ ላይ ስለ መምህር ቢያነሳ ምን ይጎዳል?

ነገሩ የደብዳቤ አጻጻፍ ብቻ አይደለም። በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች በሬና መሬት የሚሸጠው፣ ወለድ የሚገባው ለደቡቡ መንገድ ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሉሳካ አጠገብ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ሲገኝ፣ የዛምቢያ ፖሊስ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ነበር። ዲግሪ ያለው ልጅ ያላት እናት ለዚያ መንገድ ገንዘብ ከማውጣቷ በፊት፣ ልጁ ደህና የተጻፈ አንድ ገጽ ለሃያ ትምህርት ቤት ቢልክ የሚወጣው የኮምፒውተር ቤት ሂሳብ ነው።

በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የሥራ ፈቃድና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው ለፓስፖርቱና ለጤና ምርመራው ይከፍላል። ለቪዛና ለትኬት መቶ ሺዎችን የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ፣ መጀመሪያ ደረሰኝ ይቁረጥ።