ከመሸጣችሁ በፊት

እኩዮቼ፣ የ18ኛው ጎዳና ኪራይ ገፍቶን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የወጣን የዋሽንግተን ነባሮች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ልጆቹ ገና ጉልበት አላቸው፤ ቢሳሳቱ ያቃኑታል። እኛ ግን የሚያቃና ዕድሜ አልቀረንም።

ከቅዳሴ በኋላ ወሬው ሁሉ አንድ ሆኗል፦ «እንሽጥና ዳላስ እንሂድ፤ በዚህ ቤት ዋጋ እዚያ ሰፊ ግቢ ገዝተን ገንዘብ ይተርፈናል።» ይተርፋል፤ አልክድም። የሚያስፈራኝ የተረፈው የሚሄድበት ነው።

ኮቪድ ቢሮዎችን ሲዘጋ ብዙ ሰው ከኒውዮርክና ከሳን ፍራንሲስኮ ወጥቶ ሌላዋን የቴክሳስ ከተማ ኦስቲንን አጥለቀለቃት። የቤት ዋጋ እስከ 2022 ሰማይ ነካ፤ ከዚያ ወረደ። በጣሪያው ዋጋ የገዛው ሰው ዛሬ በገዛበት ልሽጥ ቢል ገዢ አያገኝም። ወለዱንም አስታውሱ። በጥር 2021 የ30 ዓመት ብድር አማካይ ወለድ 2.65 በመቶ ነበር፤ በጥቅምት 2023 ደግሞ 7.79 ደረሰ። በ2021 ሪፋይናንስ ያደረጋችሁ፣ ቤቱ ሲሸጥ ያ ርካሽ ብድር አብሮ ያበቃል። ልመለስ ብትሉ በአዲሱ ዋጋና በአዲሱ ወለድ ነው፤ ለጡረተኛ ማን ያበድራል?

«ቴክሳስ የገቢ ግብር የለም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን የአብዛኞቻችን ገቢ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው፤ እሱን ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አይነኩትም። ታዲያ የምትሸሹት የትኛውን ግብር ነው? የቴክሳስ የንብረት ግብር በአገሪቱ ከከበዱት አንዱ ነው። በርግጥ 65 ዓመት ለሞላው የትምህርት ቤቱ ግብር ከፍ እንዳይል ይታገድለታል፤ የካውንቲውና የከተማው ግን እንደየቦታው ነው። ጣሪያ የሚበሳ በረዶ ስላለም ኢንሹራንሱ አይቀመስም።

መበለቶችና ሚስት የሞተባችሁ፣ ይህን በተለይ ስሙኝ። ከቤት ሽያጭ ትርፍ ላይ ለባልና ሚስት 500 ሺህ፣ ለብቸኛ 250 ሺህ ዶላር ከፌዴራል ግብር ነፃ ነው። ልኩ ከ1997 ጀምሮ አልተሻሻለም። የ500 ሺሁን መብት ይዞ ለመሸጥ፣ ሌላ ትዳር ላልያዘ ሰው፣ ያለው ጊዜ የትዳር ጓደኛው ከሞተበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት ነው። ኤጀንቱ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል፤ እሱ የሚያስበው ኮሚሽኑን ነው።

ትታችሁት ስለምትሄዱት እድር ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓይን ደክሞ መንጃ ፈቃድ ሲቀር ግን፣ አውቶቡስ በማይደርስበት ዳርቻ ያለ ሰፊ ግቢ እስር ቤት ነው። የልጅ ልጆቹም ሥራ ባገኙበት ይበተናሉ።

ልሂድ ያልክ አትሽጥ፣ አከራይ። እዚያም ተከራይተህ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ኑር። ከሽያጩ በፊት ካሉት 5 ዓመታት 2ቱን በቤትህ ከኖርክ የግብሩ መብት አይጠፋብህም። የሒሳብ ባለሙያ ሳታማክሩ ግን ምንም ወረቀት አትፈርሙ።