በመጀመሪያው ርጭት አትፍረዱ

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሽቶ እናወጋለን። ስለ ሽቶ ሁሉ ሳይሆን ስለ አንድ ዓይነት ሽቶ፣ ማለትም ለስላሳ ስለሆነውና ፓውደር ፓውደር ስለሚለው የካርኔሽን አበባ ሽቶ ነው። ነገሩን ያስነሳኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አባታችን ወደ አኺራ የሄዱት ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ዳባት ነው። ያን ጊዜ ታናሽ እህቴ ጂዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰችም። ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ ወደ ጎንደር በምትመለስ ልጅ እጅ አንድ ጥቅል ላከች። ጥቅሉ ሲፈታ ለእናታችን ቀሚስና ሻሽ፣ በሻሹ መሐልም ከሐዘኑ በፊት ገዝታ ያስቀመጠችው ትንሽ የሽቶ ጠርሙስ ተገኘ። ክዳኑ ላይ ሁለት ርግቦች ክንፋቸውን ዘርግተው ይታያሉ።

እናታችን ዒዳ ላይ ነበረች። እንደሚታወቀው ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከጌጥና ከሽቶ ትታቀባለች። ጠርሙሱን በእጇ አገላብጣ አየችውና መልሳ ሰጠችኝ።

«ለኔ ጊዜው አይደለም። ያንቺ ሦስት ቀን ግን አልፏል። ክፈችውና ምን ምን እንደሚል ንገሪኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ለአባት፣ ለወንድም ወይም ለሌላ ዘመድ ከሦስት ቀን በላይ ከጌጥ መታቀብ በሸሪዓችን የለም። የምእመናን እናት ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) አባታቸው አቡ ሱፍያን በሞቱ ጊዜ ሽቶ አስመጥተው ፊታቸውን እንደቀቡ፣ ሽቶውን ፈልገውት ሳይሆን ይህንኑ ሕግ ለማሳየት እንዳደረጉት በሐዲስ ተላልፎልናል።

እኔም ተቀብዬ የእጄ ጀርባ ላይ ረጨሁትና ወዲያው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። «ኤዲያ! የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። የሕፃን ፓውደርም የነሰነሱበት ይመስላል» አልኩ። እናቴ ዝም አለች። ማታ እህቴ ስትደውል ያንኑ እየሳቅሁ ደገምኩላት። እሷም ዝም አለች፤ ከዚያ «ይሁን» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከደመወዟ ስንት ወር ቆጥባ እንደገዛችው የሰማሁት ቆይቼ ነው።

እንግዲህ እኔ በአንድ ደቂቃ የፈረድኩበት ሽቶ ምንድን ነበር? ስሙ «ሌር ዱ ታን» ይባላል። በ1948 እ.ኤ.አ. ፍራንሲስ ፋብሮን የተባለ ፈረንሳዊ ቀማሚ ለኒና ሪቺ ድርጅት የሠራው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ሦስት ዓመት በኋላ የወጣ በመሆኑ ርግቦቹ የሰላም ምልክት ናቸው። ከእሱ በፊትም በ1927 እ.ኤ.አ. የካሮን ድርጅት «ቤሎጂያ» የሚባል የካርኔሽን ሽቶ አውጥቶ ነበር። ዘመናት ያለፉባቸው ቢሆኑም ዛሬም ካርኔሽን ሲነሳ ስማቸው አብሮ ይነሳል።

«የጥርስ ሐኪም ቤት» ያልኩት ግን ከሜዳ ተነሥቼ አልነበረም። የካርኔሽን አበባ ያን ቅመም ቅመም የሚል ጠረኑን የሚሰጠው ዩጂኖል የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ይኸው ንጥረ ነገር በቅርንፉድ ዘይት ውስጥ ከሁሉ የበዛውን ድርሻ ይይዛል። የጥርስ ሐኪሞችም ሕመም ለማስታገስና ለጊዜያዊ ሙሌት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ከአበባው ከራሱ የሚወጣው ዘይት እጅግ ጥቂትና ውድ ስለሆነ፣ ቀማሚዎች አብዛኛውን ጊዜ የካርኔሽንን ሽታ የሚገነቡት ዩጂኖልን ከጽጌረዳ፣ ከቫኒላና ከመሳሰሉት ጋር በማዋሐድ ነው።

ዐረብኛው ይህን ዝምድና ቀድሞ ያወቀው ይመስላል። በዐረብኛ «ቀረንፉል» ሲባል ቅርንፉዱም ካርኔሽኑም ነው። የኛ «ቅርንፉድ» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። ወጥና ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድም ቢሆን ራሱ አበባ ነው፤ ሳይፈነዳ ተለቅሞ የደረቀ እምቡጥ።

ለዳባት ሰው ደግሞ ቅርንፉድ የሩቅ እንግዳ አይደለም። ድሮ ከምፅዋ የሚነሣው የነጋዴ መንገድ በዐድዋ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ የሊማሊሞን ዳገት ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል ወገራን አቋርጦ ነበር ጎንደር የሚገባው። በዚያ ንግድ ውስጥ ጀበርቲ ሙስሊሞች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከባሕር ማዶ የመጣው ጨርቅና ቅመማ ቅመም በበቅሎና በአህያ ጀርባ በደጃችን ያልፍ ነበር። እናቶቻችንም ቅርንፉዱን ከአደስ ጋር ወቅጠው ለጋ ቅቤ ውስጥ በማሸት ለፀጉራቸውና ለአንገታቸው ሽቶ አደረጉት። ጠርሙስ ሳይመጣ በፊት የነበረው የቤታችን ሽቶ ይኸው ነው።

እኔ ግን ያን ዕለት ይህ ሁሉ ትዝ አላለኝም። ለምን እንዳላለኝ የገባኝ ስለ ሽቶ አሠራር ካነበብኩ በኋላ ነው።

ሽቶ አንድ ጊዜ ተናግሮ የሚጨርስ ነገር አይደለም። እንደተረጨ አፍንጫ ላይ የሚወጣው አልኮሉና ቀላል ቀላሉ ሽታ ነው። ያ ቶሎ ይተናል። ከሩብ ሰዓት ያህል በኋላ አበባውና ቅመሙ ይመጣሉ። ሰዓታት ሲያልፉ ደግሞ ከቆዳ ጋር ተዋሕዶ የሚቀረው ይገለጣል። ፓውደር የሚያሰኘው ለስላሳነት የሚሰማው በተለይ በዚህ በመጨረሻው ነው። እንዲህ ያለውን ሽቶ ገና ሲረጩት መፍረድ ወጡ ሳይበስል ሽንኩርቱን ቀምሶ «አይጥምም» እንደ ማለት ነው።

የአየሩም ነገር አለ። ዳባት ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ደጋ ነው። ሽታ በሙቀት ይተናል፣ በብርድ ይታፈናል። ጂዳ ሙቀት ውስጥ ቶሎ የሚፈካው ሽቶ እኛ ዘንድ በጋቢ ሥር ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ደገኛ ሴት ሽቶ ስትመዝን ከቆላ እህቷ የበለጠ መታገሥ አለባት።

ይህን ዓይነት ሽቶ ለመግዛት ወይም ለመቀባት ለምታስቡ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1ኛ. በአንድ ቀን ከሁለት በላይ አትሞክሩ፤ አፍንጫ ይደክማል። በመጀመሪያ ወረቀት ላይ፣ ከወደዳችሁት ቆዳ ላይ ሞክሩት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ቢቻል እስከ ማታ አቆዩት። ከዚያ በኋላ ግዙ ወይም ተዉት።

2ኛ. ጥሩ የካርኔሽን ሽቶ ቅመሙና ልስላሴው ተመዛዝነው ይገኛሉ። ቅርንፉዱ ብቻውን ከጮኸ መድኃኒት ይሆናል። ፓውደሩ ብቻውን ከበዛ ያፍናል። ሁለቱ ተስማምተው ንጹሕ የታጠበ ልብስ ከሣጥን ሲወጣ ያለውን ስሜት ከሰጣችሁ፣ እሱ ጥሩ ነው።

3ኛ. ዩጂኖልና ዘመዱ አይሶዩጂኖል አንዳንድ ሰው ላይ የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ ያመጣሉ። ስለዚህ በአውሮፓ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠናቸው ከተወሰነው ሲያልፍ ስማቸው ዕቃው ላይ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል። የአይሶዩጂኖልም መጠን እንዲገደብ ተደርጓል። አዳዲሶቹ የካርኔሽን ሽቶዎች ከድሮዎቹ ለዘብ ያሉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቆዳችሁ የሚቆጣ ከሆነ በክርናችሁ ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ሁለት ቀን ጠብቁ። ሕፃን ልጅን ደግሞ ጨርሶ አትቀቡት።

4ኛ. አንድ ወይም ሁለት ርጭት ይበቃል። ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው ከተሰማው ልክ ነው፤ ከዚያ ካለፈ በዝቷል። ነጭ ነጠላ ላይ አትርጩት፤ ምልክት ሊተው ይችላል። ጠርሙሱንም ከፀሐይና ከምድጃ አርቃችሁ ጨለማ ቦታ፣ ለምሳሌ በሣጥን ውስጥ አኑሩት።

5ኛ. ገበያ ላይ ስም ያለው ጠርሙስ በውሃ ዋጋ ካገኛችሁ ተጠራጠሩ። ካርቶኑ ላይ ያለውና ጠርሙሱ ሥር ያለው ቁጥር አንድ መሆኑንም አመሳክሩ።

አሁን ደግሞ ብዙ እህቶች ወደሚጠይቁት እንለፍ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሽቶን ይወዱ ነበር። ወንዶች ለጁምዓ ታጥበውና ሽቶ ተቀብተው እንዲወጡም አስተምረዋል። ለሴት ግን ቦታው ይለያል። ባዕድ ወንዶች እንዲያሸቱት ተቀብቶ መውጣትና ለመስጂድ ተቀብቶ መሄድ ተከልክሏል። የሴት ሽቶ ሽታው የተሸሸገ እንዲሆንም በሐዲስ ተመልክቷል። በኢሕራም ላይ ያለ ሰው ደግሞ ወንድም ሆነ ሴት ሽቶ አይቀባም። እንግዲህ ለስላሳ ሽቶ ከቆዳ ብዙ ስለማይርቅ ለቤት፣ ለባልና ለሴቶች ዚያራ የሚስማማ ነው። «ለስላሳ ስለሆነ ለመንገድም ምንም አይደል» የሚለው ግን ራስን ማታለል ነው። አልኮል ያለበትን ሽቶ በተመለከተ ዑለማዎች ይለያያሉ። አልኮሉን ነጃሳ ነው ብለው የሚከለክሉ አሉ፤ ከአካል ውጭ መቀባቱን የሚፈቅዱም አሉ። መጠንቀቅ የምትፈልግ እህት በዘይት የተሠራ ዐጥር ትጠቀም፣ የምታምነውን ዓሊምም ትጠይቅ።

አሁን ወደ እናታችን ልመልሳችሁ። ያን ጠርሙስ በሻሹ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ አኖረችው። አራት ወር ከአሥር ቀኑ እስኪያልቅ ስለ ሽቶው አንድ ቀን እንኳ አላነሳችም። ዒዳዋ ሲፈጸም ገላዋን ታጥባ ልብሷን ቀየረችና ጠርሙሱን አወጣች። አንገቷ ላይ አንድ ጊዜ ረጨች። ከዚያም ቡና አፍልታ ተቀመጠች። እኔ እንዳደረግሁት ወዲያው አላሸተተችውም። ሁለተኛው ቡና ተጠጥቶ ሦስተኛው ሊቀዳ ሲል የሻሿን ጫፍ አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ለረጅም ጊዜ ያዘችው።

«ይኼ እኮ የኔ ቅቤ ነው» አለች።

እኔም ጠጋ ብዬ አንገቷን አሸተትኩ። የመድኃኒቱ ሽታ የለም። ያለው ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ልጅ ሆነን ጀርባዋ ላይ ታዝለን የምናውቀው የቅርንፉድ ቅቤ ጠረን ነው።

ያኔውኑ ስልክ አስደወለችኝ። «ልጄ፣ ዛሬ ተቀባሁት። ቤቱ አንቺን አንቺን ይሸታል» አለቻት። እህቴ ማልቀስ ጀመረች። «እማዬ፣ ሱቁ ውስጥ ሳሸተው ያንቺ አንገት መስሎኝ እኮ ነው የገዛሁት» አለች። እሷ ለሦስት ዓመት ከቤት ርቃ በሰው ሱቅ ውስጥ የለየችውን ሽታ፣ እኔ በየቀኑ ከእናቴ አጠገብ ሆኜ አላወቅሁትም ነበር። ስልኩን ተቀብዬ «እህቴ፣ አፉ በይኝ» አልኳት። «ብያለሁ። አንቺ ድሮም ችኩል ነሽ» አለችኝ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መልካም ሽታ የቀረበለት ሰው እንዳይመልስ፣ ሸክሙ ቀላል ሽታውም ጥሩ ነውና ብለው መክረዋል። እኔ ጠርሙሱን አልመለስኩም፤ በምላሴ ግን ከመመለስ የከፋ አድርጌ ነበር። በሰው አገር የምትደክም እህት ወይም ልጅ ሽቶ ስትልክላችሁ «እንዴት ነው?» ብላ የምትጠይቀው ስለ ሽቶው ብቻ አይደለም። ስለዚህ መልሱን ለማታ አቆዩት።

ወላሁ አዕለም።