የሐይቁ ዳር የማን ነው?

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም የሐይቅ ዳርቻ አልጎደለባትም። ከአሰላ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ደንበል የሚባለው የዝዋይ ሐይቅና ላንጋኖ ሩቅ አይደሉም። ዝዋይን ከሚመግቡት ወንዞች አንዱ ከአርሲ ደጋ የሚወርደው ከታር ነው። እንግዲህ የሐይቁ ጉዳይ የደገኛውም ጉዳይ ነው ማለት ነው።

በእነዚህ ዳርቻዎች የመዝናኛ ሥፍራ መሠራቱን አንቃወምም። የደከመ ሰው ዕረፍት፣ ሥራ ያጣም እንጀራ ይሻል። የምንነቅፈው አሠራሩን ነው። ብዙ ጊዜ ንድፍ አውጭው አስቀድሞ የሚያሰምረው አጥሩን ነው፤ በመጨረሻም ለባህል ብሎ አንድ ጎጆና የማታ ጭፈራ ይጨምርበታል። ባህል ግን ለእንግዳ ማሳያ ብቻ ነውን? ከብት ወደ ውኃ የሚነዳበት መንገድ፣ ሽማግሌዎች ነገር የሚያበርዱበት የዛፍ ጥላ፣ የአርሲ እናቶች የክብር በትራቸውን ሲንቄን ይዘው ፈጣሪያቸውን የሚለምኑበት መልካ፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ ይፈልጋሉ። ኢሬቻም እርጥብ ሣርና አበባ ተይዞ በውኃ ዳር የሚከበር የምስጋና በዓል ነው፤ ዳሩ ከታጠረ በዓሉ ወዴት ይሂድ? በዝዋይ ደሴቶችና ዳርቻ የሚኖሩት ዛዮችስ ታንኳቸውን ከወዴት ያስጠጉ? ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. የገዳን ሥርዓት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ደስ ብሎናል። ነገር ግን መዝገብ ብቻውን የተዘጋ መንገድ አይከፍትም።

አሰላ በዚህ ረገድ የቆየ ትምህርት አላት። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ይሁን እንጂ እርሻው ማትረፍ ሲጀምርና ትራክተር ሲመጣ ብዙ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን አስለቀቁ። ሐሳቡ መልካም ሳለ የነዋሪው መብት አስቀድሞ ባለመጠበቁ ጥቅሙ ለሌላው ሆነ። በሐይቁ ዳር ይህ እንዲደገም አንፈልግም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ሕንፃው ከውኃው ፈቀቅ ይበል፤ ዳርቻው ለሰውም ለከብትም ክፍት መተላለፊያ ይኑረው። ሁለተኛ፣ ከንድፉ በፊት የአካባቢው ሽማግሌዎችና ሴቶች ይጠየቁ፤ የከብት መውረጃው፣ የበዓሉ ሥፍራና አሮጌው ዛፍ ከአጥሩ በፊት በካርታ ላይ ይሰመሩ። ሦስተኛ፣ የአገሬው ልጅ በር ጠባቂ ብቻ ሳይሆን የትርፉም ተካፋይ ይሁን።

መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው። ነገ ንድፍ የምናወጣውና ፈቃድ የምንሰጠው እኛው የዛሬ ተማሪዎች ነንና፣ እርሳሳችንን ከማንሣታችን በፊት ወደ ዳርቻው ወርደን ባለቤቱን እንጠይቅ።