ጢም ያወጣው ዘጠነኛ ክፍል

የእህቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ከእግሩ ሥር ኳስ ጠፍቶ አያውቅም፤ የካልሲም ይሁን የላስቲክ፣ ሲገኝም የእውነቱ። ባለፈው ዓመት፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለ፣ አንድ ሐሙስ ማታ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ የፍጻሜ ግጥሚያ አለን። ይመጣሉ አይደል?»

እንዴት እቀራለሁ? ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣዬን ብብቴ ሥር ወሽቄ ሄድኩ። ሜዳው አቧራ፣ መስመሩ ኖራ፣ የጎሉ መረብ ግማሹ የተበጠሰ ነው። ሚኒ ሚዲያው ዘፈን ያስጮኻል፤ ተማሪው ይጨፍራል። ልጁን ሜዳ ውስጥ ፈለግሁት፤ የለም። ተቀያሪዎቹ መሀል ፈለግሁት፤ የለም። በመጨረሻ የውኃ ጀሪካን ይዞ ዳር ቆሞ አገኘሁት።

«መለያህስ?» አልኩት።

በአገጩ ጠቆመኝ። ዘጠኝ ቁጥር የለበሰ፣ ጢሙን በማለዳ ተላጭቶ የመጣ፣ ባቱ የእህቴን ልጅ ወገብ የሚያክል ጎልማሳ አየሁ።

«እሱ ደግሞ ስንተኛ ክፍል ነው?»

«ዘጠነኛ» አለኝ፣ ፈገግም ሳይል። «የእኛ ክፍል ነው ተብሏል። ግን ክፍል ውስጥ አይቼው አላውቅም።»

ትምህርት ቤቱ 3 ለ 0 አሸነፈ። ሁለቱን ያገባው ጢማሙ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ሰልፍ ላይ ዋንጫው ከፍ ብሎ ታየ፣ ተማሪው አጨበጨበ አሉ። ጎል አግቢው ግን ሰልፉ ላይ አልነበረም። ከየት ይምጣ?

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ብጠራው ሌሎቹ «እኛ አይደለንም» ብለው እፎይ ይላሉ። አሁን ግን ይህን የምታነቡ መምህራንና ወላጆች ብዙዎቻችሁ «የእኛን ይሆን እንዴ?» እያላችሁ ነው። በሉ። እኔም የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ለብዙ ዓመታት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኮራጅ ይዤ አውቃለሁ። በሌላ ሰው ድርሰት ላይ የራሱን ስም ጽፎ የሚያመጣ ተማሪ ሞልቷል። በሌላ ሰው እግር ላይ የራሱን ስም የሚጽፍ ትምህርት ቤት ስገጥም ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፈተና ላይ የኮረጀ ተማሪ ወረቀቱ ይነጠቃል። ሜዳ ላይ የኮረጀ ዳይሬክተር ዋንጫ ይሸለማል።

የትምህርት ቤቶቻችን ኳስ ለምን ፍሬ አላፈራም ሲባል መልሱ የታወቀ ነው፤ ሜዳ የለም፣ ኳስ የለም፣ በጀት የለም። እውነት ነው። ስልሳ ልጅ በአርባ ደቂቃ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ አንዲት ኳስ ተከትሎ ሲሮጥ፣ ኳሷን ሳይነካ ደወል ይደወላል። ስንቱ ሜዳ በመማሪያ ክፍልና በሱቅ ተበልቷል። ይህን አልክድም። ግን እስቲ ንገሩኝ፤ ድህነት ጢም ያበቅላል እንዴ? የልደት ሰርተፍኬት የሚፍቀው የኳስ እጥረት ነው? ሜዳ የማጣት ችግር ሌላ፣ ባለችው ሜዳ ላይ ልጁን አስወጥቶ ጎረምሳ የማስገባት ነውር ሌላ ነው።

ችሎታ የለንም የሚለኝ ካለ ደግሞ ታሪክ ያንብብ። በጥር 1954 ዓ.ም. በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወስደናል። በ1993 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በታች ቡድናችን በአፍሪካ አራተኛ ወጥቶ አርጀንቲና ድረስ ለዓለም ወጣቶች ዋንጫ ሄዷል። በ2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ አገሩ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ አልቅሷል። ልጅ አላጣንም። ልጁ የሚያድግበትን ዓመት ነው የምንሰርቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ኳስ መቆጣጠርን፣ ቦታ መያዝን፣ ሳይደናገጡ ማቀበልን የሚማረው በመጫወት ነው። በዚያ ዕድሜ ውኃ ሲያመላልስ ከዋለ በሃያ ዓመቱ ማንም አይመልስለትም። በእሱ ቦታ የገባው ጎረምሳስ ምን ያገኛል? ምንም! ሕፃናትን በጉልበት እየገፋ ስላሸነፈ ብልሃት መማር አላስፈለገውም። ከእኩዮቹ ጋር የተጋጠመ ዕለት ባዶ እጁን ይቆማል። ወረቀቱም ቢሆን ሩቅ አያስኬደውም። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የልጆቹን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እየመረመረ ነው። አጥንት እንደ ቀበሌ መዝገብ በጉቦ አይታረምም።

እስቲ ጃፓንን እንይ። እኛ የአፍሪካን ዋንጫ ስንስም የጃፓን ስም በእግር ኳስ ብዙም አይነሳም ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድራቸው ግን እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ ፍጻሜው በአዲስ ዓመት ሰሞን በብሔራዊ ስታዲየም ይካሄዳል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ሹንሱኬ ናካሙራ የዮኮሃማው ክለብ ለወጣት ቡድኑ አትሆንም ብሎ ያሰናበተው ልጅ ነበር። ኬይሱኬ ሆንዳንም የኦሳካው ክለብ እንዲሁ። ሁለቱንም ያነሳቸው ትምህርት ቤት ነው። ናካሙራ በኋላ ለሴልቲክ ተሰልፎ ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ በቅጣት ምት አገባ፤ ሆንዳ በሦስት የዓለም ዋንጫዎች ጎል አስቆጠረ። ልብ በሉ፤ የእነሱ ትምህርት ቤት ክለብ የጣለውን ልጅ ያነሳል። የእኛው የራሱን ልጅ ጥሎ ከውጭ ያነሳል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ከገባች ወዲህ አንዱንም አልቀረች።

ለምን እንደዚህ እንሆናለን? ክፉ ስለሆንን አይደለም። ውድድሩን የሠራነው እንዲያስዋሽ አድርገን ነው። የብዙው ትምህርት ቤት የኳስ ዓመት ጥቂት ቀን ናት። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ በዋንጫ ይለካል፤ ዳይሬክተሩ ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት በሚልከው ሪፖርት ላይ «አንደኛ ወጥተናል» የሚል መስመር ይፈልጋል። ስንት ልጅ ኳስ ተጫወተ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሁን ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የትምህርት ቤቶች ሻምፒዮና ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደርባን ላይ ላሸነፈው ትምህርት ቤት 300 ሺህ ዶላር ተመድቦ ነበር። ደግ ሐሳብ ነው። ግን የቆርቆሮ ዋንጫ ጢም ካስላጨን፣ 300 ሺህ ዶላር ምን ያስደርገን ይሆን?

«ኳስ ከትምህርት ያዘናጋል» የሚሉ ወላጆችም አሉ። እሺ፣ ኳሱን ከልጁ ነጥቀናል። ትምህርቱስ? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። እንግዲህ ኳስ አይደለም ያዘናጋን። ኩረጃ ነው፤ በክፍልም በሜዳም።

መድኃኒቱ ከሰማይ አይወርድም፣ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። መጀመሪያ ክፍል ለክፍል ይጋጠሙ። ዘጠነኛ «ሀ» ከዘጠነኛ «ለ» ለመጫወት አውቶቡስም አበልም አያስፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዓመቱን ሙሉ። ሁለተኛ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚሰለፍ ልጅ ስሙን የክፍል ኃላፊ መምህሩ ከስም መጥሪያው ላይ አይቶ ይፈርምለት፤ በየቀኑ «አቤት» የሚል ተማሪ ብቻ ይጫወት። ሦስተኛ፣ አጭበርባሪ ሲያዝ ተጫዋቹ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ለሁለት ዓመት ይታገድ፣ የፈረመውም ይጠየቅ። አዎ፣ ንጹሐኑ ልጆች አብረው ይቀጣሉ ትሉኛላችሁ። ወዳጆቼ፣ አሁንስ ማን እየተቀጣ ነው?

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላል ያገራችን ሰው። አይበቃም፤ እውነት ነው። ልጆች ብቻ የተሰለፉበት ቡድን ሊሸነፍ ይችላል። 5 ለ 0 ይሸነፍ! ተሸንፎ የተመለሰ ልጅ ነገ ተሻሽሎ ይመጣል። ሳያቦካ ያደገ ልጅ ግን ሊጥ የሚያውቅበት ቀን የለም።

ዘንድሮ የእህቴ ልጅ አሥረኛ ክፍል ገባ። ውድድሩ ሲቃረብ «ምዝገባው እንዴት ሆነ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትከሻውን ነቀነቀ።

«አልተመዘገብኩም ጋሼ። ጢም ሳወጣ እሞክራለሁ።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።