«ታች» ማለት ብቻ አይበቃም



ባለፈው ሰሞን አንድ ጓደኛችን ስለ ቡና ቅጠል ዝገት በእንግሊዝኛ ጽፎ ያስረከበው የላቦራቶሪ ሪፖርት በቀይ ተሰምሮበት ተመለሰለት። ብርቱካን መሳዩ ዱቄት የሚታየው በቅጠሉ «ቦተም» ላይ ነው ብሎ ነበር። ሊል የፈለገው «አንደርሳይድ» ነው፤ ይኸውም ወደ መሬት የዞረው የቅጠሉ ገጽ። አስተማሪው ግን ቅጠሉ ከዘንጉ የሚያያዝበት ጫፍ መሰላቸው። ጓደኛችንም ተቈጥቶ፥ «ሁለቱ ቃላት በመጽሐፉ ጐን ለጐን ተደርድረው የለም ወይ?» አለ።

በእርግጥ ተደርድረዋል። ፒተር ማርክ ሮዤ በ1852 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ቃላትን በሐሳብ ዝምድናቸው ሰበሰበ እንጂ ፍቺያቸውን አልሰጠም። ዘመድ መሆን ደግሞ አንድ ሰው መሆን አይደለም።

እስቲ ቤተ ዘመዱን እንመልከት። «ቦተም» ለድስትም፥ ለባሕርም፥ ለሰው መቀመጫም ይሆናል። «ሶል» የእግርና የጫማ ነው። «ሶፊት» የሚሉት መሐንዲሶች የቅስትን ወይም የአግዳሚን ታችኛ ፊት ነው። «ዳውንሳይድ» ግን ከናካቴው ቦታ አይደለም፤ የአንድ ነገር ጕዳቱ ነው። «አንደርቤሊ» የእንስሳ ሆድ ሳለ፥ ቸርችል በ1942 እ.ኤ.አ. የጠላትን የሜዲትራኒያን ወገን በዚህ ስም ጠራው፤ ስስ ነው ማለቱ ነበር። ከ1943 እስከ 1945 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ የተደረገው ውጊያ ግን ስስ አለመሆኑን አሳየ። ዛሬ ደግሞ የከተማ «አንደርቤሊ» ሲባል የድልድይ ሥር ማለት አይደለም፤ ተሸሽጎ የሚኖር ነውሯ ማለት ነው።

በእኛስ ቋንቋ? እንግሊዙ የቅጠል «ታች» የሚለውን እኛ የቅጠል ጀርባ እንላለን። እርሱ «ሶል» የሚለው ለእኛ ውስጥ እግር ነው። የገጽን መጨረሻ ከአልጋ ወስደን ግርጌ አልነው። በድስት ላይ ብቻ ከእንግሊዙ ጋር ተስማምተናል፤ ቂጥ አለውና!

ይህ የፈተና ነጥብ ጕዳይ ብቻ አይደለም። ነገ ከመካከላችን አንዱ በግብርና ሙያ ተመርቆ ወደ ጅማ ወይም ወደ ሲዳማ ይሄዳል። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ገልብጦ፥ «በሽታውን ከቅጠሉ ሥር ፈልጉ» ቢል፥ ገበሬው ጐንበስ ብሎ መሬቱን ያያል። ዝገቱም ከጀርባው ተቀምጦ ቡናውን ይበላል። «ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ» ቢል ግን በአንድ ቃል ተግባብተው ነበር።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የተመሳሳይ ቃላትን ዝርዝር እንደ ዳዊት መድገም ይቅርብን። አንድን ቃል ስንማር ከማን ጋር እንደሚውል እንጠይቅ። ከዚያም እናቶቻችንና አባቶቻችን ያንኑ ነገር ምን ብለው እንደሚጠሩት እናስታውስ። ሁለት ቋንቋ ዐወቀ የሚባለው በሁለቱም ሳይሳሳት ማመልከት የሚችል ነው።